ቡናው እስኪበርድ

አዛውንቱ ከዱሪ በኢየሩሳሌም ገበያ፣ ከባግዳድ የመጡ አይሁድ በሚነግዱበት መተላለፊያ ሲያልፉ ዝናብ ያዛቸውና ሳልማን ቡና ቤት ገቡ። እዚያ የሟቹን ጎረቤታቸውን የመምህር ሐስቀልን ልጅ ማርሴልን አገኟት። የሰፈሩ ክሊኒክ ነርስ ናት።

ሳልማን የሚፋጅ ቡና በብርጭቆ አቀረበላቸው። ከዱሪ ባርኔጣቸውን አስተካክለው፣ «ብሩክ አንተ እግዚአብሔር አምላካችን፣ የዓለም ንጉሥ፣ ሁሉ በቃሉ የሆነ» አሉና በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ወዲያው ከጠጡ በኋላ የሚባለውን ቡራኬ ጀመሩ፤ ግማሹን ሳል በላው።

«አባባ፣ ጉሮሮ ነው ወይስ ቧንቧ?» አለች ማርሴል።

«ተያቸው፣ አውቶቡስ ሊያመልጣቸው ነው» አለ ሳልማን።

«አንተ ስኳርህን ጠብቅ!» ድምፃቸው ሻክሯል። ወደ እሷ ዞሩ። «የአባትሽ ልጅ ሆነሽ ይህ ይጠፋሻል? የአንድ ዕንቁላል ተኩል ያህል ሳያቋርጡ ካልጠጡ የኋላው ቡራኬ አይባልም። ፉት እያልኩ ብጠጣው ቡራኬው ይቀርብኛል።»

«ስንቱ ሰው ፉት ብሎ ጠጥቶ፣ ሳይባርክ ይነሣ የለ?»

«ስንቱ ሰው ሐቢባን አልቀበረም።»

ሐቢባ ሚስታቸው ነበረች። በፋሲካ ማግስት ሞተች። ልጅ አልወለዱም። ልጅ ቢኖር በምኩራብ አሥራ አንድ ወር ቆሞ ቃዲሽ፣ ለሙታን የሚባለውን ጸሎት፣ ይልላት ነበር፤ ስለሌለ ከዱሪ ራሳቸው ይላሉ። በዚያ ላይ በየቀኑ የሚያደርሱትን ቡራኬ ሁሉ ለነፍሷ ሰጥተዋል። አንዲቱ ከምትቀር ቢቃጠሉ ይመርጣሉ።

«ዳቦ ይወርድልዎታል?» ስትል ማርሴል ጠየቀች።

«ውሃ ካስከተልኩ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ከዱሪ ባርኔጣቸውን እንደገና አስተካከሉ።

«ቅዳሜ ምኩራብ ነበርኩ፣ በሴቶቹ በኩል። ቃዲሹን ሲጀምሩ ሰማሁ። መጨረሻውን ግን አልሰማሁትም። አሜን የምንልበት ጠፋን።»

«ጉንፋን ነው።»

«ቃጠሎ ነው፣ አባባ። በየቀኑ ቁስል ላይ እሳት ያፈሳሉ። ገና ሦስት ወር ይቀራል። ድምፅዎ ከተዘጋ ማን ይልላቸዋል? ሳልማን?»

«እኔማ ፊደሉንም ረስቼዋለሁ» አለ ሳልማን። ማንም አልሳቀም።

«ታዲያ ቡራኬዋን ልንጠቃት? ነርስም ሕግ መለወጥ ጀመረች?»

«ሕጉን ማን ነካው? አባቴ ከላይ ከላዩን በትኩሱ ፉት ይሉ ነበር። ከዚያ ለመስፈሪያው የሚበቃውን ትተው እስኪበርድ ይጠብቃሉ። ሲበርድ ሳያቋርጡ ጠጥተው ይባርካሉ።»

«ሃያ ዓመት አብሬው ጠጥቻለሁ፤ ሲጠብቅ አላየሁም።»

«ስትጫወቱ ነበራ! በጨዋታችሁ መሃል ይበርዳል።»

ከዱሪ ባዶውን ብርጭቆ አዩት።

«አሁን ከማን ጋር ልጫወት?» አሉ በቀስታ። «ቤቴ ቡናው ይብረድ ብዬ ቁጭ ስል የማየው የሐቢባን ወንበር ነው። የምቸኩለው ለቡራኬው ብቻ አይደለም፣ ልጄ።»

ሳልማን ሳይታዘዝ ሌላ ቡና አመጣ። ከዱሪ ባርከው ፉት አሉ፤ ከግማሽ በላይ ሲቀር አስቀመጡት። ጠበቁ።

«ከባግዳድ እንደመጣን፣ በስደተኞቹ የድንኳን ሰፈር ሳለን» አሉ በመጨረሻ፣ «ጣራው ሲያፈስ ብርጭቆዬን በመዳፏ ትከድነው ነበር። እጇ በእንፋሎት ይቀላል። አንሺ ስላት፣ አንተ ጠጣ ትለኛለች።» ከዚያ ወዲያ ብዙ አወሩ። ከቀብሯ ወዲህ ስሟን ለሰው እንዲህ አንሥተው አያውቁም።

ቡናው በረደ። ሳያቋርጡ ጠጡትና «ብዙ ነፍሳትን ከነጉድለታቸው የፈጠረ» እያሉ በሻካራ ድምፅ እስከ ዳር ባረኩ። «አሜን» አለች ማርሴል። ሳልማንም ከምድጃው ማዶ «አሜን» አለ።

በማግስቱ ክሊኒክ ሄደው ታዩ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚፋጅ ነገር አልዋጡም። ዳቦው ያለ ውሃ መውረድ ጀመረ፤ ቡራኬም አልቀረባቸውም። ትእዛዝ የተሰጠን በሕይወት ልንኖርበት ነው፤ ለሞተ ሰው የሚጸልይም ጉሮሮውን መጠበቅ አለበት። በአሥራ አንደኛው ወር ፍጻሜ የመጨረሻውን ቃዲሽ ሲያደርሱ ከሴቶቹ በኩል ሳይቀር ተሰማ፤ አሜኑም በየቦታው ተባለ።

ጉሮሯቸው ዳነ። ሌላው አልዳነም።