የትኛው ጋሼ?

ስህተቱን ያየችው አውቶቡሱ የወረዳውን ከተማ ለቆ ከወጣ በኋላ ነው። ረዳቱ ከፊቷ የተቀመጠውን፣ ከዚያ ቀን በፊት አይታው የማታውቀውን ሰውዬ ትከሻ ነካ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ነው የሚወርዱት?» ሲለው ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። ቦርሳዋን ከፍታ ወረቀቱን አወጣች። የጎረቤቶቿ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ቅጂ ነው። የሚስት ስም ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ተጽፏል። በባል ስም ትይዩ ግን ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ ጋሼ።

የወረዳው ቢሮ መስኮት ላይ ስትቀበለው ደጋግማ አንብባው ነበር። ነገር ግን እሷም ጎረቤቷን አናጢውን፣ እዚያ ሰፈር ከገባች ጀምሮ ጋሼ እያለች ነው የምትጠራው። ዓይኗ የለመደውን ቃል ሲያገኝ ደስ ብሎት አለፈው።

ወረዳ የሄደችው ለሴት ልጇ የጋብቻ ፈቃድ ምን ምን እንደሚያስፈልግ ልትጠይቅ ነበር። የአናጢው ሚስት፣ «እግረ መንገድሽን የእኛም መዝገብ ካለ አስፈልጊልን» ብላ ለመነቻት። አናጢው ሐሙስ ለሆድ ቀዶ ጥገና ሆስፒታል ይገባል። ሆስፒታሉ ደግሞ አብሮት የሚያድረውም፣ እሱ መናገር ቢያቅተው የሚፈርምለትም ዝምድናውን በማስረጃ ያረጋገጠ ሰው ብቻ ነው ብሏል። ዛሬ ማክሰኞ ነው።

ወርዳ እንዳትመለስ ቢሮው የሚዘጋበት ሰዓት ደርሷል። አውቶቡሱ ሲንገጫገጭ ሐሳቧም አብሮ ተንገጫገጨ። አናጢው ከሰመመን ሳይነቃ ሲቀር፣ ሚስቱ ከበር ስትመለስ፣ ዘመድ ነኝ ባይ ሜትር ይዞ መጥቶ ቤቱን ሲለካ፣ ሁሉንም ወንበሯ ላይ ተቀምጣ አየችው። ሰፈርተኛው «ምናልባት» የሚል ቅጽል ስም ያወጣላት በከንቱ አይደለም።

ከአውቶቡስ ስትወርድ ያጋጠማት ራሱ አናጢው ነው። ከዕቃ መደብሩ አዲስ የበር ቁልፍ በጋዜጣ አስጠቅልሎ ሲወጣ ተገናኙ።

«ምናልባት፣ በሰላም ገባሽ? ፊትሽ ምነው፣ አውቶቡሱ ተገልብጦ ነው?»

«ጋሼ፣ በቀልድ አይለፉት። ወረቀቱ ተገኝቷል፤ ግን ተበላሽቷል።»

«አይጥ በላው?»

«አይጥ ቢበላው ይሻል ነበር። እስቲ ይዩት።»

አናጢው ወረቀቱን ከዓይኑ አርቆ ይዞ አነበበ። ከዚያ የመብራት ምሰሶውን ተደግፎ ሳቀ።

«እና የቱ ጋ ነው ስህተቱ? እኔ ጋሼ አይደለሁም እንዴ?»

«ለእኔ ነዎት። ለመዝገቡ አይደሉም።»

«ቆይ፣ አሁን ገባኝ» አለ መንገድ እንደ ጀመሩ። «ጋብቻውን ያስመዘገብን ቀን እኔ ቴምብር ልገዛ ወጥቼ ነበር። ጸሐፊው ባልሽ ማን ይባላል ብሎ ሚስቴን ሲጠይቃት፣ መቼም አንገቷን ደፍታ ጋሼ ብላው ይሆናል። እሱም የነገሩትን ጻፈ። እኔም ተመልሼ ሳላነብ ፈረምኩ። ፊርማዬን ደግሞ እንኳን መንግሥት እኔም አላነበውም።»

«ታዲያ ነገ በጠዋት ሄደን እናስተካክለው። ሁለታችሁም መቅረብ አለባችሁ፤ ሁለት ምስክርም ያስፈልጋል።»

«ነገ የማስረክበው ሥራ አለኝ። ደግሞስ በዚህ ዕድሜዬ ከሙሽሮች ጋር ተሰልፌ፣ ሰው ሽማግሌው ሊያገባ መጣ ይበል? ተዪው።»

አናጢው ክፉ ሰው አልነበረም። ለክፍሉም ለሣጥኑም ልክ እየወሰደ ሲኖር፣ ያልተጻፈ ልክ እንደሚጠፋ ያውቃል። ግን ብዙዎቻችን እንደምናደርገው፣ ለእንጨት የሚሰጠውን ጥንቃቄ ለትዳሩ አልሰጠም። ትዳር በሰው ዘንድ የታወቀ ነገር ነው፤ የታወቀ ነገር ደግሞ ምን ወረቀት ያስፈልገዋል፣ ባይ ነው።

ቤት ሲደርሱ ሚስቱ በርጩማ አቀረበች። ልብስ ሰፊዋ ግን መቀመጥ አልሆነላትም። ከበሩ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ ትላለች። አናጢው ተንበርክኮ አሮጌውን ቁልፍ በካቻቢቴ መፍታት ጀመረ።

«ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር» አለ ብሎኑን እያዞረ፣ «ወረቀት አምጡ ያለን የለም። ወፍጮ ቤቱን ጠይቂ፣ ትምህርት ቤቱን ጠይቂ። ይቺ ሴት የማን ሚስት ናት ብትዪ ሁሉም ይነግርሻል።»

«ሆስፒታሉ ወፍጮ ቤቱን አይጠይቅም፣ ጋሼ። ይህ ቃል በእኛ አፍ ክብር ነው፤ እዚያ ግን ማንም ማለት ነው። ዛሬ ረዳቱ አንዱን የማላውቀውን ሰው ጋሼ ሲለው ሰማሁ። ሾፌሩንም ጋሼ ነው የሚሉት። በዚህ ወረቀት ከሄድን እትዬ የአውቶቡሱ ሁሉ ሚስት ናቸው።»

ሚስቱ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። አናጢው ግን ቅር አለው።

«አፍሽ ለከት የለውም። ስሜን ጸሐፊ ፊት ትጥራ ነው የምትዪው? ስትከባበር የኖረችውን?»

«ትጥራ ነው የምለው። ስም የወጣው ሊጠራ ነው። ይህን ቁልፍ ራሱ ለምን ገዙት?»

«ሐሙስ ስሄድ እሷ ብቻዋን ታድራለች። የድሮው አይዘጋም፤ ሌባ ቢመጣስ?»

«እንዳይመጣ የሚጠነቀቁለት ሌባ ምናልባት ጭራሽ አይመጣም። ሐሙስ ግን ይመጣል።»

«ምናልባት፣ ሳልሞት አትቅበሪኝ።»

«እኔ እዚህ አላድርም» አለች ሚስቱ።

ሁለቱም ዞረው አዩዋት። እስካሁን በክርክሩ አልገባችም ነበር።

«አምና ትኩሳቱ ጥሎዎት ጤና ጣቢያ የተኙ ለታ» አለችው፣ «የት ያደርኩ ይመስልዎታል?»

«ቤት ነዋ። ሲነጋ መጣሽ።»

«በሩ ላይ ነው ያደርኩት። ጥበቃው የማን ቤተሰብ ነሽ አለኝ። የጋሼ አልኩት። የትኛው ጋሼ አለኝ። ስምዎን ልጠራ ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ምላሴ እምቢ አለኝ። የማላውቀው ሰው ፊት እርስዎን የማዋርድ መሰለኝ። የባልሽን ስም ካላወቅሽ ሂጂ አለኝ። አጥሩ ሥር ተቀምጬ አነጋሁ።»

ካቻቢቴው ቆመ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ባሌን አላውቀውም አልኩ ብዬ?»

አናጢው አሮጌውን ቁልፍ ነቅሎ መሬት ላይ አስቀመጠው። ልብስ ሰፊዋም ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠች። ማክበራችን አክባሪውን ሰው ከውጭ የሚያሳድር ከሆነ፣ አንድ ያልገባን ነገር አለ ማለት ነው።

«ቢሮው ነገ ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?» አለ በመጨረሻ።

«በመጀመሪያው አውቶቡስ ከሄድን ሲከፈት እንደርሳለን። እኔ አንድ ምስክር ነኝ፤ ባለወፍጮውን ማታውኑ እነግረዋለሁ።»

«ሥራዬንስ?»

«ቀዶ ጥገና አለብኝ ብለው አንድ ቀን ያልታገሠዎት ሰው፣ ወትሮም በሩን ሊሠሩለት አይገባም።»

አናጢው ፈገግ አለ። «እሺ፣ ከዚያስ? ወረቀቱ ቢስተካከል ምን ይተርፈኛል? ንገሪኝና ልመን።»

«ሐሙስ በሩ ላይ የትኛው ጋሼ የሚል አይኖርም። እትዬ አጠገብዎ ያድራሉ፤ ሐኪሙም የሚነግረውን ለሳቸው ይነግራል። ይህ ቤትም በስምዎ ነው ያለው፤ አይበለውና አንድ ነገር ቢመጣ እትዬን የሚያስወጣ አይኖርም። ልጆቻችንም ይማሩበታል። የኔዋ ፈቃዷን ስታወጣ፣ የራሷንም የእጮኛዋንም ስም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አንብባ ነው ከመስኮቱ የምትነሣው። እኔ ዝም ብዬ በዓይኔ አንብቤ የሆንኩትን አይታችኋል።»

«አውቶቡሱ ቢገለበጥስ?»

«እሱንም አስቤበታለሁ። የመጀመሪያው ሾፌር ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው።»

አናጢው አዲሱን ቁልፍ አስገብቶ ብሎኑን ማጥበቅ ጀመረ። ጀርባውን ለሚስቱ እንደ ሰጠ፣ «እስቲ አሁን ጥሪኝ» አላት። «ነገ እዚያ ምላስሽ እንዳይታሰር።»

ሚስቱ ነጠላዋን አስተካከለች። ወደ ግድግዳው ዞረች፤ እንደገና ተመለሰች። ከዚያ ስሙን ከነአባቱ ስም ጠራችው።

አናጢው አልመለሰም። ጭንቅላቱን በበሩ ብቅ አድርጎ ወደ ውጭ ተመለከተ። «ማነው የሚፈለገው?»

«እርስዎ ነዎት» አለች ሚስቱ።

ሦስቱም ሳቁ። ቀድማ ያቆመችው ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ባለወፍጮው ሳይተኛ ቤቱ መድረስ አለባት። መታወቂያችሁን እንዳትረሱ ብላ አስጠንቅቃ ወጣች። ከደጃፉ ብዙም ሳትርቅ ከውስጥ ስሙ እንደገና ሲጠራ ሰማች። በዚህኛው ጊዜ አናጢው ወዲያው «አቤት» አለ።

ከዚያ አዲሱ ቁልፍ ዞረ። ልብስ ሰፊዋ ተመልሳ እጀታውን በቀስታ ከውጭ ሞከረችው። ተቆልፏል።