በአስተርጓሚ አማካይነት

የጋምቤላ ሙቀት ለሽማግሌ አያዝንም። አቶ ኦቻን ግን በዚያ ዓርብ ሙሉ ልብሳቸውን ከነክራቫታቸው ለብሰው፣ አበባ ታቅፈው፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ደጅ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ቤተ ክርስቲያናቸው በማግስቱ ስልሳኛ ዓመቷን ልታከብር ነው። የክብር እንግዳውን መጋቢ ቦትን የያዘው አውሮፕላን “ትንሽ ዘግይቷል” ከተባለ ሁለት ሰዓት ሆኖታል።

መጠበቁ አልከበዳቸውም፤ ትዝታ ያለው ሰው ብቻውን አይቀመጥም። ዱሮ የሚሲዮኖቹ ትንሽ አውሮፕላን ሣር ላይ ስታርፍ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እየጮኸ ይሮጥ ነበር። ባሮ ዳር፣ ከማንጎው ሥር፣ በሣር የተከደነች ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ ከበሮዋ ወንዙን ተሻግሮ ይሰማል። ኦቻን ገና በአሥራ አምስት ዓመታቸው ከሰባኪው ጎን ቆመው አማርኛውን ወደ አኝዋክኛ ይመልሱ ነበር። እንዴት ያለ ደግ ዘመን ነበር! እርግጥ ሰው የሚወደውን ትዝታ ጉድፉን ጠርጎ ነው የሚያስቀምጠው፤ እሳቸውም ከሰው አይለዩም።

“አባባ ኦቻን! ሙሽራ መስለዋል እኮ!”

የጎረቤታቸው የኛዋል ልጅ ኛኬር ነበረች። በሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማሯት፣ ዛሬ ሕግ ተምራ በጀዊ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ስለ ሕፃናት መብት የምትሠራ ወጣት ናት። የሥራ ባልደረባዋን ሸኝታ መውጣቷ ነው። እሷ ኑዌር፣ እሳቸው አኝዋክ ስለሆኑ መግባቢያቸው አማርኛ ነው።

“ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። መጋቢ ቦትን ልቀበል ነው።”

የልጅቷ ሳቅ ባንድ ጊዜ ጠፋ።

“አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኚህ ሰው መከበር የለባቸውም። ኦሉም የሚባል ልጅ ያስታውሳሉ? ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ከመዘምራኑ አንዱ የነበረ። ዲማ ወርቅ ሲቆፍር ኖሮ ባለፈው ወር መጥቶ፣ በልጅነቴ በድለውኛል ብሎ ከሷቸዋል።”

ኦቻን አበባውን ከጭናቸው ወደ አግዳሚው አወረዱ። “ያ ነገር ያኔ ተጣርቷል። ከዋናው ቢሮ ሰው መጥቶ ጠይቋል።”

“ቃለ ጉባኤውን አንብቤዋለሁ። ‘ልጁ በአስተርጓሚ አማካይነት ሲጠየቅ፣ መጋቢው ይቆጣኛል ብቻ ብሏል’ ይላል። ከዚያ መጋቢው የመልካም ምግባር ደብዳቤ ተጽፎላቸው ወደ ሌላ ከተማ ተዛወሩ። ዛሬ እዚያ አርባ ልጆች በእጃቸው ናቸው። ያቺን ወረቀት እያሳዩ ‘ነጻ ወጥቻለሁ’ ይላሉ።”

“እና ምን ይደረግ? የቤተ ክርስቲያን ገመና አደባባይ ይውጣ? ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ ልጄ።”

“ዝምታው ላይነቅዝ ይችላል፤ ዝም ያሰኙት ልጅ ግን ይነቅዛል። ደግሞስ ገመናው የማን ነው? የበዳዩ ነው ወይስ የልጁ?”

“ሰውየው የተቀባ ነው፤ ፍርዱን ለፈጣሪ እንተው። ደግሞ ከእናንተው ወገን ነው፣ አታፍሪም?”

“ልጅ የሚበድል ሰው ወገኔ አይደለም። ፈጣሪ ይፍረድ ብለን እኛ ግን ደብዳቤ ጻፍንላቸው፤ ያ ፍርድ አይደለም እንዴ? አገራችን የዓለሙን የሕፃናት መብት ስምምነት ከተቀበለች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። ያጸደቀችው ስምምነት የራሷ ሕግ አካል ነው ይላል ሕገ መንግሥቱ። ካባም ሆነ ማዕረግ ከዚህ አያስጥልም።”

“የፈረንጅ ሕግ!” አሉ ኦቻን፣ ቁጣቸው መጣ።

“እነዚያ የሚወዷቸው ሚሲዮኖችስ ፈረንጆች አልነበሩም? የሚበጀውን ተቀብለን የራሳችን አደረግነው፤ ይሄም እንደዚያው ነው። ጄኔቭ ላይ ያለው የሕፃናት መብት ኮሚቴ የአንድን ትልቅ ቤተ ክርስቲያን መንበር ተወካዮች አስቀምጦ፣ ልጅ የበደለ አገልጋይ ከደብር ወደ ደብር ለምን እንደሚዛወር በአደባባይ ጠይቋል። አይቶ እንዳላየ ሆኖ የሸፈነውም ይጠየቃል ማለት ነው።”

ክርክር የተሸነፈ ሽማግሌ ብዙውን ጊዜ ስለ ሙቀቱ ያወራል፤ ኦቻን ግን ክራቫታቸውን ፈቱ።

“አስተርጓሚውን ብናገኝ ጥሩ ነበር” አለች ኛኬር። “ስሙ አልተጻፈም። ኦሉም ያውቀዋል፤ ብለምነው ግን እምቢ አለኝ። ‘ራሱ ይምጣ’ ነው የሚለው።”

ለካስ አታውቅም! ኦቻን ብድግ ብለው ሊሄዱ ዳዳቸው። አንዲት ቃል ባይተነፍሱ ነገ በዓሉ ይደምቃል፣ እሳቸውም የተከበሩ አባት እንደሆኑ ይሞታሉ። እጃቸውን ወደ አበባው ሰደዱና ተዉት።

“እኔ ነኝ” አሉ።

ኛኬር ደንግጣ አየቻቸው።

“ልጁ ሌላ ነገር ነው የተናገረው። እኔ ያቺን ከበሮ፣ ያንን መዝሙር አሰብኩ፤ አንድ ቃል ሁሉን የሚያፈርስብኝ መሰለኝ። አለሳለስኩት።” እንባቸው መጣ፤ አልደበቁትም። “ብናገር እኔንም ይከሱኛል?”

“ላታልልዎት አልፈልግም፣ አባባ። ሊጠይቁዎት ይችላሉ። እኔ ግን አጠገብዎ እቀመጣለሁ።”

የአውሮፕላኑ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ። ኦቻን የቤተ ክርስቲያኑን ሹፌር ዴንግን ጠርተው፣ “እንግዳውን አንተ አድርሰው፤ ሌላ ሰው የሚጠብቀኝ አለ” አሉት። ከዚያ ከኛኬር ጋር ባጃጅ ይዘው ወደ ዐቃቤ ሕግ ሄዱ። የልጁን ቃል መጀመሪያ በአኝዋክኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ተናገሩ፦ “‘እምቢ ብዬው ነበር፤ እሱ ግን በሩን ዘጋው።’ ያለው ይህን ነው። ‘ይቆጣኛል’ የሚለው የእኔ ነው።”

ፍርዱን ፍርድ ቤት ይናገራል። ከፍርዱ በፊት የተገኘው ጥቅም ግን ቀላል አይደለም። አርባዎቹ ልጆች ከመጋቢው እጅ ወጡ። እሳቸው ለጥያቄ በመጠራታቸው በዓሉ ያለ ክብር እንግዳ ተከበረ፤ ኦቻን በጉባኤው ፊት ቆመው ያደረጉትን ተናዘዙ። አንዳንዱ ተቆጣ፤ አንዲት እናት ግን ተነሥታ የራሷን ልጅ ነገር ተናገረች። ከዚያ ወዲህ ክስ ያለበትን አገልጋይ በደብዳቤ ማሻገር ቀረ፣ አቤቱታም በቀጥታ ለሕግ ይደርሳል፣ ከልጅ ጋር በር ዘግቶ መቀመጥ ተከለከለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ የገለጠ ግን ቢያመውም ይድናል። ቤተ ክርስቲያኒቱም አልፈረሰችም።

በበዓሉ ማግስት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኦቻን ወደ ዲማ ለተመለሰው ኦሉም ደወሉ።

“ኦሉም፣ ልጄ፣ ያልከውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናገርኩ። ያኔ ምን ብዬ እንደተረጎምኩ ግን አታውቅምና...”

“አውቃለሁ” አለ ኦሉም። “አማርኛ መናገር ነበር የማልችለው እንጂ እሰማ ነበር። እስኪያርሙት ድረስ ዓይን ዓይንዎን እያየሁ ጠበቅኩ።”