ከመርጫው የተረፈ መድኃኒት

ሽማግሌው ምንም ነገር ስለማያባክኑ መንደሩ «አባ ቆጥብ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም በቅጽል ስማቸው ይኮሩ ነበር። አንድ ቀን ፀረ ተባይ ሊገዙ ሲወጡ በአፈር መመርመሪያ ላቦራቶሪ የምትሠራውን የወንድማቸውን ልጅ መንገድ ላይ አገኟት።

«ጋሼ፣ አሁንም መድኃኒት ሊገዙ ነው?»

«አዎን፤ ከፊተኛው የበረታ። ከቤቱ አጠገብ ያሉት ብርቱካኖች ገርጥተዋል። ዘንድሮ ካላፈሩ በመጥረቢያ እገላገላቸዋለሁ።»

«ተባይ አይተውባቸዋል?»

«ባይኖርማ ምን አገረጣቸው? ተደብቆ ነው።»

«ከመግዛትዎ በፊት ጓሮውን ያሳዩኝ።»

አባ ቆጥብ በገዛ ጓሯቸው የሚዳኛቸው በመምጣቱ ቢናደዱም ከፊት እየመሩ ወሰዷት። ልጅቷ ከገረጣው ዛፍ ሥር ተንበርክካ ቅጠል አነሣች። ያለፈው ዓመት ቅጠል ሳይበሰብስ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። ከሥሩ ያለው አፈር ደርቋል፤ ሽታም የለውም።

«እዚህ ምን ይደፋሉ?»

«ከመርጫው የተረፈውን ነዋ። በገንዘቤ የገዛሁትን መንገድ ላይ ልድፋው? ለሥራቸው አጠጣዋለሁ። ለቤት ቅርብ ስለሆኑ ባለ ዕድሎቹ እነዚህ ናቸው።»

የልጅቷ ፊት ተለዋወጠ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ባለ ዕድሎቹን በእጅዎ እየገደሏቸው ነው። በዓይን የማይታዩትን የአፈር ባክቴሪያዎች ፈጅተውባቸዋል።»

«ለባክቴሪያ ነው የምትቆጪኝ? ትናንት ጀርም በሽታ ነው ብላችሁ እጃችንን በሳሙና አስፈተጋችሁን። ዛሬ ደግሞ ለጀርም ጠበቃ ቆማችሁ?»

«የሚያሳምሙት ጥቂቶቹ ናቸው፤ ጋሼ። ዛፍ ጥርስ የለውም። የወደቀውን ቅጠል አኝከው ምግብ የሚያደርጉለት ባክቴሪያዎች፣ ሻጋታዎችና ትሎች ናቸው። ለቅጠል በልኩ የተረጨ መድኃኒት ቢጎዳቸውም ብዙውን ጊዜ ያገግማሉ። እርስዎ ግን ሳያገግሙ በላይ በላዩ ደፉባቸው።»

«ይህ የመጽሐፍ ወሬ ነው። እኔ ዓይኔን ነው የማምነው።»

«እንግዲያው ዓይንዎን ይዘው ወደ አጥሩ ይምጡ። እዚያስ ትርፉን ይደፋሉ?»

«ያን ሁሉ ተሸክሜ? ወገቤን ማን ሰጥቶኝ!»

በአጥሩ ጥግ የቆሙት ዛፎች በአንድ ቀን የተተከሉ እኩዮቻቸው ናቸው፤ ነገር ግን ለምልመዋል። ከሥራቸው የላይኛው ቅጠል ብቻ ደረቅ ነው፤ የታችኛው ጠቁሮ አፈር ሆኗል። አባ ቆጥብ እፍኝ ዘገኑ፤ አሸተቱት። አንድ ትል በጣታቸው መካከል ሾለከ።

ቁጠባ መልካም ጠባይ ነው። ሆኖም መርዝ እንዳይባክን ብሎ የራሱን መሬት የሚያጠጣ ሰው ቆጣቢ ሊባል አይገባውም።

«ሻጩ ለምን አልነገረኝም?» አሉ አባ ቆጥብ በንዴት።

«እሱ መሸጡን ነው የሚያውቀው። እኔ ግን በሠርጌ ዕለት ነግሬዎት ነበር።»

«በሠርግ ቀን ስለ ትል የምታወራ ሙሽራ ማን ይሰማል?» ቀጥለውም ወደ ገረጡት ዛፎች ዞሩ። «ከሌሎቹ አብልጬ የምወዳቸው እኮ እነዚህን ነበር። በፍቅሬ መረዝኳቸው።»

ልጅቷም ቁጣዋን ዋጥ አድርጋ የሚበጀውን አስረዳቻቸው፦ ተባይ በዓይን ሳያዩ አለመርጨት፣ ለሚረጩት ዛፍ የሚበቃውን ብቻ መበጥበጥ፣ ሥሩን በበሰለ ፍግና በብስባሽ ማልበስ፣ ከዚያም መታገሥ። «አፈሩ በአንድ ክረምት አይድንም» አለቻቸው።

እውነትም ወዲያው አልዳነም። ነገር ግን ቅጠሉ መበስበስ ጀመረ፤ ቀጥሎ ዛፎቹ አዲስ ቀንበጥ አወጡ፤ በኋላም አበቡ። ለመድኃኒት የሚወጣው ወጪ ከግማሽ በታች ወረደ።

ብርቱካኑ ባፈራበት ወራት አንድ አዟሪ ጠርሙስ ይዞ ወደ ግቢው ገባ።

«አባት፣ አዲስ መድኃኒት አለኝ።»

«ምን ይገድላል?»

«ያገኘውን ሁሉ።»

«እንግዲያው ይዘኸው ውጣልኝ» አሉት፤ በሩን እያሳዩት። «ከሚገድላቸው መካከል የእኔ ሠራተኞች አሉበት።»