ስክሪኑ መቶ ሲል አትመኑት

ክቡራትና ክቡራን፣ የወርክሾፑን ጠረጴዛ አጽድታችሁ ይህን ሁሉ ወንበር ለአንድ አስቸጋሪ ሽማግሌ የጡረታ ስንብት ስለደረደራችሁ አመሰግናለሁ። ኬኩም ያምራል። ግን ሁላችሁም በአንድ ቀን ፈገግ ስትሉልኝ፣ ምን ልትደብቁኝ ነው እላለሁ። አትሳቁ፤ አመሌ ነው።

እኔ ኤሌክትሪክን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም። ያስተማረኝ የተቃጠለ ዕቃ ነው። ስለዚህ ዕቃ ስለ ራሱ የሚናገረውን አላምንም። እናንተ የሶላር ባትሪው ስክሪን መቶ ሲል አረንጓዴ ወረቀት ለጥፋችሁ ምሳ ትወጣላችሁ። እኔ ገመዱን አላስነቅልም። መጋዘን የምትይዘው እህታችን ትመጣለች።

«ጋሼ፣ ሞላ እኮ! ምን ቀረው?»

«ማን ነው ሞላ ያለሽ?»

«ራሱ ባትሪው!»

«ታዲያ ሌባ ሰረቅሁ ይላል?»

እስቲ ለመጨረሻ ጊዜ ልድገመው። በደንብ የሞላ ሊትየም ባትሪ፣ ማለቂያው ላይ የሚቀበለውን ከረንት ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ሊጠግብ እንደተቃረበ በላተኛ። ከረንቱ በአንዴ ዜሮ ከገባ ግን ጠርጥሩ። በውስጡ ከተደረደሩት ሴሎች አንዱ ቀድሞ ሞልቶ፣ ከልክ በላይ እንዳይሞላ የሚጠብቀው መከላከያ በሩን ለሁሉም ዘግቷል። የቀሩት ገና ናቸው። ስክሪኑ ግን አያፍርም፤ መቶ ይላል። ከዚያም ከውሸት መቶ ተነስቶ ወደ ታች ይቆጥራል።

ይህን በምን አወቅሁ? ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የዛሬ አምስት ዓመት፣ የመብራት መስመር ካልደረሰው ጤና ጣቢያ ነርሷ ደወለች።

«ጋሼ፣ የክትባቱ ፍሪጅ ጠፋብኝ። የባትሪው ስክሪን ግን ስልሳ ይላል።»

«ልጄ፣ ሶኬቱን ነቅለሽ ስልክሽን ሰክተሽበት ይሆናል።»

«ኧረ አልነካሁትም!»

«ስልሳ ካለ፣ አለ» ብዬ ዘጋሁባት።

በሦስተኛው ቀን ሄድኩ። ባትሪው ባዶ ነበር። ክትባቱ በሙሉ ተጣለ። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው በር ላይ ቆመዋል። ነርሷ የተጣለውን እየቆጠረች ትመዘግባለች። ሁሉን የምጠረጥረው ሰውዬ፣ ያን ቀን ያመንኩት ስክሪኑን፣ የጠረጠርኩት ሰውን ነው።

ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ባትሪዎች ለጤና ጣቢያዎች መኪና ላይ ይጫናሉ። አሥራ ሁለቱም አረንጓዴ ተለጥፎባቸዋል። የአራቱ ከረንት ግን ትናንት ዓይኔ እያየ በአንዴ ዜሮ ገባ። ማስረከቢያው ላይ አልፈረምኩም፤ ወደፊትም አልፈርምም። ነገ እኔ የለሁም። ታዲያ ማን ይከለክላል?

ክቡር የክፍል ኃላፊ፣ ራስዎን ሲነቀንቁ አየሁ። አመሰግናለሁ። ግን መኪናው በራስ ንቅናቄ አይቆምም። «አራቱ ተፈትሸው እስኪስተካከሉ አይጫኑ» የሚለው ወረቀት ይኸው፤ እስክሪብቶውም ይኸው። እንጠብቃለን። ኬኩ የትም አይሄድም።

ፈረሙ? እስቲ ልየው። ቀኑንም ይጻፉበት እንጂ።

እሺ። አሁን መመረቅ እችላለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። እጃችሁን ከእሳት፣ ቤታችሁን ከክፉ ይጠብቅላችሁ። ልጆቻችሁ ከእኛ የተሻለ ሥራ ይሥሩ። ወጣቶቹም የጀመራችሁትን ለመጨረስ ያብቃችሁ።

አንድ ነገር አደራ። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ የሚሄደው ወደዚያችው ነርስ ነው። ስታደርሱላት፣ «ሽማግሌው ልክ ነበርሽ ብሎሻል» በሉልኝ። አምስት ዓመት ሙሉ አልነገርኳትም።