ባለ ጨው የማን ልጅ ነው?

ዓርብ፣ ሰኔ 26 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ከሚሴ። ሙቀቱ በርትቷል፤ ከጨፋ በኩል ደመና ተነሥቷል እንጂ አልዘነበም። ከጁምዓ በኋላ በወጣቶች አዳራሽ የተገኘነው፦ በጡረታ የሚሸኙት ቪዲዮ አሳያችን ጋሽ ጀይሉ፣ ኃላፊያችን ወይዘሮ ፈይሩዝ፣ ጥበቃው ኢሳ፣ ቪዲዮ የሚያዩ ደንበኞቻችን እና እኔ ዘሃራ። የተናገርኩት ይህ ነው።

አሰላሙ ዓለይኩም። አካም ጅርቱ። ብዙ እንደማልናገር ታውቃላችሁ። ወይዘሮ ፈይሩዝ «አንቺ ካልተናገርሽ ማን ይናገራል?» ሲሉኝ ብዙ ሰው ቆጠርኩላቸው፤ አልሰሙኝም።

ጋሽ ጀይሉ ከባቲ ተዛውረው የመጡ ቀን በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ከአውቶቡስ ወረዱ። በር ላይ የነበረው ኢሳ የታመመ ልጅ መሰለው።

«አይዞዎት ጋሼ፣ ልጁን ምን ነካው?»

«ምንም አልነካው። መንገዱ እንዳያንገጫግጨው ብዬ ነው።»

«ማሻአላህ። ዕድሜው ስንት ነው?»

«ሃያ አንድ ኢንች» አሉት።

ኢሳ፣ በባቲ የልጅ ዕድሜ እንዲህ የሚቆጠር መስሎት፣ ፊቱን አስተካክሎ «ቁጭት አይግባዎት፣ ያድጋል» አለ። አትሳቅ ኢሳ፣ እውነት ነው። እስከ ዛሬ የምናየው ቴሌቪዥን ያ ነው፤ አላደገም።

አብሮት የመጣው አንድ ካርቶን ካሴት ነበር። ሁሉም አንድ የድሮ ተከታታይ ፊልም ነው። ካባ የለበሰ ጀግና በየክፍሉ አንድ ክፉ ሰው ይመታል፣ ያልቃል። ንግግሩ እንግሊዝኛ ስለሆነ ጋሽ ጀይሉ በትራቸውን ይዘው ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመው ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ይነግሩናል። አተረጓጎማቸውን ታውቁታላችሁ። ክፉው ሰው እጁን እያወናጨፈ ረጅም ንግግር ሲያደርግ «ዲዴ፣ እምቢ ነው የሚለው» ብለው ያልፋሉ። ጀግናው አንዲት ቃል ሲተነፍስ ደግሞ ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ያብራራሉ።

አንድ የገበያ ቀን አንድ የአፋር ሽማግሌ ገብተው ከፊት ተቀመጡ። በእርሳቸው አገር መንገድ ላይ የተገናኘ ሰው ወሬ ሳይጠያየቅ አይተላለፍም። የዚያን ቀን የሚታየው ክፉ ሰው ባለ ጨው የሚባለው ነበር፤ የነካውን ሁሉ ጨው የሚያደርገው። ጀግናው ቡጢውን ሲያነሣ ሽማግሌው ተነሡ።

«አቁሙት። ወሬውን ሳትጠይቁ ትመቱታላችሁ? የማን ልጅ ነው? ምን አግኝቶት ነው እንዲህ የሆነው?»

ጋሽ ጀይሉ ማጫወቻውን አቆሙና ትንሽ አሰቡ። ከዚያ እንዲህ ሲሉ ነገሩን። ባለ ጨው ጨው በግመል የሚያመላልስ ነጋዴ ነበር። አንድ ሌሊት ወንዝ ዳር አድሮ ዝናብ ጣለና ጭነቱ ሁሉ ሟሟ። አገሩ ሲመለስ አንድ ሰው እንኳ አላዘነለትም፤ ሳቁበት። ሽማግሌው ከንፈራቸውን መጠጥ አደረጉና «እንግዲያው አይመታም። ሽማግሌ ይግባ» አሉ። አዳራሹም «ይግባ» አለ። መጨረሻውን ሳናይ ወደየቤታችን ሄድን። ከዚያ ወዲህ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አንድም ክፉ ሰው ታሪኩ ሳይነገር ተመትቶ አያውቅም።

እኔ ግራ የተጋባሁት አምና ነው። ከውጭ አገር በእርዳታ በመጣው የመጽሐፍ ሣጥን ውስጥ የዚያው ጀግና የሥዕል መጽሐፎች ነበሩ። መዝገበ ቃላት ይዤ ቀስ እያልኩ አነበብኳቸው። በአንዱ፣ ባለ ጨው ማለት በፋብሪካ የጨው ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ሐኪም ነው። በሌላው ወንድሞቹ ያባረሩት የሀብታም ልጅ ነው። ሦስተኛው መጨረሻ ገጹ ላይ ጭራሽ ሌላ ነገር ይላል፤ ሰውዬውን መጀመሪያ ያወጡት የቴሌቪዥኑ ሰዎች ናቸው፤ ተመልካች ስለወደደው መጽሐፍ ጻፊዎቹ ኋላ አስተዳደግ ፈለጉለት። ክፋቱ ቀድሞ፣ ልጅነቱ ተከትሎ መጣ ማለት ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን እስካሁን አልገባኝም።

ወደ ጋሽ ጀይሉ ሄድኩ።

«የትኛው ነው ትክክሉ?»

«አንቺ የትኛውን አመንሽ?»

«የእርስዎን።»

«ወላሂ እኔ ከራሴ ነው ያወጣሁት።»

«እነርሱም ከራሳቸው ነው ያወጡት።»

«እንግዲያው ብዙ ነን» ብለው ሻያቸውን ሊጠጡ ሄዱ። የበለጠ ግራ ገባኝ።

ጋሽ ጀይሉ፣ አሁን ቀልዴን ላቁም። እዚህ ለጽዳት ስቀጠር ሰው አላናግርም ነበር። «ኩሩ ናት» ተባልኩ። እርስዎ ግን ካሴቱን እንደሚያቆሙት ሁሉንም ዝም አስብለው «ምን አግኝቷት ነው?» አሉ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ አጣጥፌ ሳነብ ያዩኝ ጊዜም ለማንም አልተናገሩም፤ ከየሱቁ ቁራጭ ወረቀት እየለቀሙ መጥረጊያዬ ሥር ያስቀምጡልኝ ነበር። እኔ እንዳላወቀ ሆኜ አነብ ነበር። አላህ ይስጥልኝ።

ከነገ ጀምሮ በትሩን የምይዘው እኔ ነኝ ተብሏል። ነገ የሚታየው ደግሞ ባለ ጨው ነው። ከዚህ ሁሉ ታሪክ የቱን እንደምናገር አላውቅም፤ ድምፄ ይወጣ እንደሆነም አላውቅም። ዝም ካልኩ ሰውዬው ሳይጠየቅ ይመታል።

ለስላሳችሁን አንሡ። ጋሽ ጀይሉ፣ ጉልበትዎ አይድከም፣ ዓይንዎ አይፍዘዝ፣ ሻያችሁን ከባለቤትዎ ከወይዘሮ አሻ ጋር በትኩሱ የምትጠጡበት ዘመን ይሁንላችሁ። ቤትዎ የሚመጣ ሁሉ ወሬዎን ይጠይቅዎት። አሚን በሉ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 27። ጠዋት ዝናብ ጥሎ አባርቷል። አዳራሹን ጠረግሁ፣ መስኮቶቹን ከፈትኩ፣ የባለ ጨውን ካሴት ከተትኩ። ጋሽ ጀይሉ መጥተው ከመካከል አግዳሚ ላይ እንደ ማንኛውም ተመልካች ተቀመጡ። ጀግናው ቡጢውን ሲያነሣ ከሁሉም ቀድመው «ይህ ሰው የማን ልጅ ነው?» አሉ።

ማጫወቻውን አቆምኩ። በትሩን ይዤ ቴሌቪዥኑ ጎን ቆምኩ።

«አላውቅም» አልኩ። «ብዙ ዓይነት ነው የሚባለው። ሁሉንም እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ጨው ነጋዴ ነበር።»