ከየት እንደመጣ ያልተነገረለት በሽተኛ

ሲወጣ መንገደኛውን፥ ሲተኛ ሕመምተኛውን የሚያውቅ፥ ለሁሉም ጊዜን የሰፈረ እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን። የምንተርከው ነገር የሆነው በዚሁ በእኛ ዘመን፥ በሆሳዕና ከተማ ነው። ከፈጣሪ የተሰወረ አንዳች ነገር የለም፤ ሰው ግን ከሰው ይሰውራል፤ በመሰወሩም አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ራሱን ነው።

አቶ ኃይለመለኮት በፍርድ ቤት የሀዲይኛውን ወደ አማርኛ፥ የአማርኛውን ወደ ሀዲይኛ ሲያስተረጉሙ ኖረው ጡረታ የወጡ፥ ከሰንበት ቅዳሴ የማይቀሩ፥ በሰፈሩ ቃላቸው የሚከበር ሽማግሌ ናቸው። አንድ ልጃቸው ዘርአብሩክ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ብዙ ዓመት ሠርቶ ሲመለስ በግ ታረደ፥ ድንኳን ተጣለ፤ እንኳን ደህና መጣህ የሚለውን ሰው ግቢው አልችለው አለ። ሁለተኛው ሳምንት ሳይሞላ ግን ልጁ ወደቀ። ሰውነቱ እንደ ፍም ጋለ፤ ጥርሱ ተንቀጫቀጨ።

አባትየውም የግቢውን በር ዘጉ። ለሚጠይቃቸው ሁሉ «አዲስ አበባ ሄዷል» አሉ። ልጁን በጋቢ ሸፋፍነው ራቅ ወዳለ ትንሽ ክሊኒክ ወስደው አሳክመውት ነበር፤ አልተሻለውም። አሁን ደግሞ በሌሞ ገጠር ለሰው ዓይን የሚሆን መድኃኒት ያውቃል የተባለ ሰው ሊያመጡ በማለዳ ጋሪ ላይ ተሳፍረዋል።

ጋሪው ሊንቀሳቀስ ሲል ከሺንሺቾ የመጣ ሚኒባስ አጠገቡ ቆመና አንድ ወጣት ወረደ። ፈትሁዲን ነበር፤ የጎረቤታቸው የባለሱቁ የናስረዲን ልጅ፥ በሺንሺቾ ጤና መኮንን ሆኖ የሚሠራ።

«ጋሼ ኃይለመለኮት፥ እንዴት አደሩ? በጠዋት ወዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ወደ ሌሞ፤ ትንሽ ጉዳይ አለችኝ።»

«ዘርአብሩክስ? መምጣቱን ሰምቼ ሳልጠይቀው ቀረሁ።»

«አዲስ አበባ ሄዷል።»

ፈትሁዲን ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፥ ግድግዳችን አንድ ነው። እናቴ ትናንት ደውላ፥ የልጁ አልጋ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል፥ ሳይታመም አይቀርም ብላኛለች። አልጋው ብቻውን ቀርቶ ይሆን?»

ባለጋሪው ፊቱን አዙሮ ሳቁን ዋጠ። አቶ ኃይለመለኮት ወዲያና ወዲህ አይተው ጎንበስ አሉ።

«ድምፅህን ዝቅ አድርግ፥ ልጄ። ታሟል። የሰው ዓይን ነው። ከተማው በሙሉ ልብሱን አየ፥ ጫማውን አየ፥ መልኩን አየ፤ ከዚያ ወዲያ እህል አልቀመሰም።»

«ሐኪም ቤት አልወሰዱትም?»

«ወስጄዋለሁ እንጂ። ታይፎይድ ነው ብለው መድኃኒት ሰጡት፤ ምንም አልፈየደለትም። የሐኪሙን ነገር አየነው።»

«ከየት ነው የመጣው ብለው ሲጠይቁዎ ምን መለሱ?»

«እርሱ በትኩሳት መናገር አቅቶት ነበር፤ እኔ ከሌሞ፥ ገብስ አጨዳ ላይ ሰንብቶ የመጣ ነው አልኩ።»

«ዘርአብሩክ? ማጭድ በየት በኩል እንደሚያዝ የማያውቀው ልጅ?»

«አትቀልድብኝ። የሺንሺቾው አቶ ማቲዎስ ስለ ልጃቸው ስለ ትርሲት ለላክናቸው ሽማግሎች መልስ የሚሰጡት በዚህ ሳምንት ነው። ከውጭ አገር በሽታ ይዞ መጣ ከተባለ ማን ልጁን ይሰጠዋል? ስሙ አንዴ ከጠፋ ማን ይመልስለታል?»

አንባቢ ሆይ፥ በእኚህ አባት ላይ ለመፍረድ አትቸኩል። ልጅን ከሐሜት መሸሸግ የፍቅር ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ፍቅር ከፍርሃት ጋር ሲዛመድ መድኃኒቱን ከበሽተኛው ይለያል።

ፈትሁዲን ወደ ጋሪው ቀረብ አለ። «ጋሼ፥ ያን ሁሉ ዘመን ሲያስተረጉሙ ምስክሩ ከተናገረው ላይ አንድ ቃል ቀንሰው ያውቃሉ?»

«እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፥ አልጨመርኩም፥ አልቀነስኩም። ቃል ቢቀነስ ዳኛው ምን ይዞ ይፈርዳል?»

«ታዲያ ልጅዎ በትኩሳት መናገር ሲያቅተው አስተርጓሚው እርስዎ ነበሩ። ለሐኪሙ ሲያስተረጉሙለት ስለምን ቀነሱ? ሐኪሙም በሰማው ፈረደ። ስህተቱ የማን ነው?»

አቶ ኃይለመለኮት ጢማቸውን ዳሰሱ። «አባትህ ሱቅ ውስጥ ጨው እንጂ ነገር ይመዝናል አላልኩም ነበር። አንተ ከማን ተማርከው?»

«ጋሼ፥ ሕመሙ እንዴት ነው የሚያደርገው?»

«ይንቀጠቀጣል፤ ብርድ ልብስ አይበቃውም። ከዚያ በላብ ይጠመቅና ጋብ ይልለታል፤ ዳነ ስንል ይመለስበታል። ዛሬ ንጋት ላይ ደግሞ» አሉና ድምፃቸው ተሰበረ፤ «ደግሞ እናቱን፥ ማን ነሽ፥ አላት።»

ከወጣቱ ፊት ላይ ጨዋታው ጠፋ። «የነበረው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነው?»

«ሊመጣ ሲል ሞዛምቢክ፥ ቆላ አገር የሚነግድ ጓደኛው ዘንድ ጥቂት ከርሟል።»

«ጋሼ፥ ይህ ወባ ሊሆን ይችላል። ሌላም ሊሆን ይችላል፤ ሳይመረመር ነው አልልም። ነገር ግን ሰው አያውቅም እስከማለት ከደረሰ ዛሬውኑ ሐኪም ፊት መቅረብ አለበት።»

«ወባ በሆሳዕና? ብርዱን እያየኸው? እዚህ ትንኝዋም ጋቢ ካልለበሰች አትወጣም።»

«የሆሳዕና ትንኝ አልነደፈችውም። በሄደበት ተነድፎ ወባውን በደሙ ይዞ ገባ። ሲሳፈር ደህና ነበር፥ ሲወርድም ደህና ነበር፤ በሽታው ውስጥ ውስጡን ሲራባ ሰንብቶ ነው የሚነሣው። በዚያ ላይ ብዙ ዓመት ወባ በሌለበት ከተማ የኖረ ሰው ሲይዘው ይጠናበታል። ደጋ ላይ ያለ ሐኪም ደግሞ ከገብስ አጨዳ መጣ የተባለን ሰው አይቶ የሞዛምቢክን ወባ አይጠረጥርም።»

«ስለዚህ ዓይን የሚባል ነገር የለም ትለኛለህ?»

«በእርስዎም ቤት በእኛም ቤት ሲነገር ያደግንበት ነው፤ ዛሬ ስለ እርሱ አልከራከርዎም። ዓይን ከሆነ ደሙ በመታየቱ አይብስበትም። ወባ ከሆነና ደሙ ሳይታይ ከዋለ ግን፥ ነገ ድንኳን የሚጥሉት ለእንኳን ደህና መጣህ አይሆንም።»

አቶ ኃይለመለኮት ከጋሪው ሳይወርዱ አንገታቸውን ደፍተው ቆዩ። ከልጅነት ጀምሮ ሲነበብ የሰሙት ታሪክ በልባቸው መጣ፤ ደም ይፈሳት የነበረች፥ በሕዝብ መካከል ተሸሽጋ የጌታን ልብስ ጫፍ የነካች ያች ሴት። ፈውሷን ከተቀበለች በኋላ እንኳ ተሰውራ እንድትሄድ አልተተወችም፤ እየተንቀጠቀጠች በሁሉ ፊት እውነቱን ተናገረች፥ በሰላምም ተሰናበተች። «የታመመችው ራሷ እውነቱን ተናግራ በሰላም ከሄደች፥ እኔ ማንን አፍሬ ነው?» አሉ በልባቸው።

ቀና ብለው ባለጋሪውን «ወደ ቤት መልሰን፤ ሌሞ ቀርቷል» አሉት። ወደ ፈትሁዲንም ዞረው «አንተስ ምን ቆመሃል? ጋሪው ላይ ውጣ እንጂ» አሉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ እህተማርያም በሩን ሲከፍቱ መድኃኒት አዋቂውን ይጠብቁ ነበር። ፈትሁዲንን ሲያዩ ግን አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁ ነጠላቸውን አነሡ። «እኔ መቼም ስናገር ማን ይሰማኛል» አሉ፤ ልጃቸውንም ደግፈው አነሡት።

ሆስፒታል ሲደርሱ ዘርአብሩክ በተሽከርካሪ አልጋ ላይ ተኛ። ነርሷ «ታማሚው ከየት ነው የመጣው?» ስትል አቶ ኃይለመለኮት አፋቸውን ከፈቱ፤ ወዲያው ዓይናቸው በአግዳሚው ወንበር ላይ አረፈ። የታመመች እህታቸውን ሊጠይቁ የመጡት አቶ ማቲዎስ ራሳቸው፥ የትርሲት አባት፥ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጠው ያዩአቸዋል። ፈትሁዲን የሽማግሌውን ፊት አይቶ ስለ እርሳቸው ሊመልስ ሲል በእጃቸው ከለከሉት።

«እኔ ነኝ አስተርጓሚው» አሉ። ቀጥለውም በፍርድ ቤት ይናገሩበት በነበረው ድምፅ፥ «ልጄ ከደቡብ አፍሪካ ከመጣ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ከዚያ በፊት በሞዛምቢክ ቆላ ከርሟል። ቀድሞ ላየው ሐኪም ከሌሞ ነው ብዬ ዋሽቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እናንተ ግን ልጁን አድኑልኝ» አሉ።

ነርሷ ወዲያው ዶክተሩን ጠራች፤ ደሙ ተወሰደ። ውጤቱ ሲመጣ ወባ ሆኖ ተገኘ፤ ያውም የጠናው ዓይነት። ዶክተሩ መርፌውን በቶሎ አስጀምረው፥ «እስከ ማታ ብትቆዩ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የማወራችሁ። አሁን ግን ምን እንደምንወጋ እናውቃለን» አሉ።

መድኃኒቱ ሥራውን ሠራ። ትኩሳቱ ወረደ፥ ልጁም ነፍስ ዘራ። እናቱ አጥሚት ይዘው ሲቀርቡ ጥቂት ቀመሰና «ቀጠነ» ብሎ መለሰላቸው። ወይዘሮ እህተማርያም በሕይወታቸው እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ነቀፋ አልሰሙም።

አቶ ማቲዎስም ወደ ክፍሉ ገቡ። አቶ ኃይለመለኮት ተነሥተው ወንበራቸውን ለቀቁላቸው።

«የተናገርኩትን ሰምተዋል። ልጅዎን ቢከለክሉኝ አልቀየምም።»

«ሰምቻለሁ፤ ሳልደብቅዎ፥ መጀመሪያ ተቀይሜ ነበር» አሉ አቶ ማቲዎስ። «ይህን ሰውረው ልጄን ሊወስዱ ነበር ብዬ። ኋላ ግን ሳስበው፥ እኔ እዚያ መቀመጤን አይተው ነው የተናገሩት። እኔ እኮ ልጄን ስድር የምፈራው ነገር አንድ ነው፤ ብትታመም ሰው ምን ይለናል ብለው ጓዳ እንዳያስተኙአት። እርስዎ ቤት ይህ ከእንግዲህ እንደማይደረግ በዓይኔ አየሁ። ሽማግሎችዎን እንደገና አያድክሙ፤ ልጄን ሰጥቻለሁ፤ መልሴ ይኸው ነው።»

ዘርአብሩክ ከአልጋው ላይ «እኔን የሚጠይቀኝ የለም እንዴ?» አለ።

«አንተ አጥሚትህን ጠጣ» አሉት ሁለቱ አባቶች ባንድ ቃል።

ልጁ ድኖ ቤቱ በገባ በሰንበቱ አቶ ኃይለመለኮት የእድሩን ሰዎች ሰብስበው በግልጽ ተናገሩ። «ከልጆቻችን የማይሰደድ የለም፤ ሲመለሱም እንቀበላቸዋለን። እንግዲህ መንገደኛ ሲገባ አስቀድመን አናስጨንቀው፤ ይረፍ። ትኩሳት ከተሰማው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ሐኪሙ ባይጠይቅ እንኳ የት የት እንደነበረ ይንገረው። ጸበሉን እንጠጣ፥ ጸሎቱን እናድርስ፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ባለመድኃኒት ነበረና ጸሎትና ሕክምና አልተጣሉም። የተጣላን እኛ ነን፤ ከእውነት ጋር።»

ይህም ቃል በከንቱ አልወደቀም። ብዙም ሳይቆይ ከሌሞ አቶ ጥሩሰው የሚባሉ ገበሬ ከዐረብ አገር የተመለሰች ልጃቸው ብታተኩስባቸው በጋሪ ጭነው አመጧትና ገና በሩ ላይ «ከዐረብ አገር ነው የመጣች፤ በየት በየት እንዳለፈችም ራሷ ትናገር» አሉ። ልጅቱም በጊዜ ታክማ በእግሯ ወጣች። በአዲሎም በዱራሜም ወሬው ተሰማ፤ የተሸሸገ በሽተኛ የነበረባቸው ቤቶች በራቸውን ከፈቱ። ሐሜት የፈሩትም ሐሜቱን ሳይሆን የጠያቂን ምርቃት አገኙ።

ይህን ያነበብህ ወዳጄ፥ ከቤትህ የወጣውን በሰላም ይመልስልህ፤ የተመለሰውን በጤና ያኑርልህ። ለታመመብህ ፈዋሹን ይላክልህ፤ ለአንተም እውነቱን የምትናገርበት ድፍረት ይስጥህ። ደጅህ ለእንግዳ እንጂ ለኀዘን አይከፈት። አሜን።