ለአናጢው ልጅ የሚበቃ መስመር

አናጢው አዲስ የሠራውን በር በጀርባው አዝሎ ጠባቡን መንገድ ሲወጣ ፊት ለፊቱን አያይም ነበር። የሚያየው የጫማውን ጫፍና ከጫማው ፊት ያለውን ድንጋይ ብቻ ነው። «በር መጣ! ዘወር በሉ!» እያለ ይሄዳል። የመንገዱ ሰው ድምፁን ስለሚያውቀው ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ ያሳልፈዋል። የዚያን ቀን ግን በሩ ከአንድ ሰው ጋር ተጋጨና ቆመ።

«ክፍት ነው ዝግ?» አለች አንዲት ሴት ከበሩ ማዶ።

«ምኑ?»

«በሩ ነዋ! ክፍት ከሆነ ልለፍ፤ ዝግ ከሆነ ላንኳኳ።»

አናጢው አልሳቀም። በሩን ቀስ ብሎ ግድግዳ አስደገፈና አያት። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰች፣ ረጅም እጀታ ያለው የመለኪያ ጎማ የያዘች ወጣት ናት። ዓይኑን አጠበበ።

«አንቺ የልብስ ሰፊዋ ልጅ አይደለሽም? የታች ቤቷ፣ ነፍሷን ይማርና?»

«ነኝ፣ አባባ። ጤና ይስጥልኝ። አያውቁኝም ብዬ ፈርቼ ነበር።»

«ቁርጥ እናትሽን ሆነሽ እንዴት አላውቅሽም? ይልቅ ይሄን ጎማ ወዴት ነው የምትነጂው? ሌላው ጎማ የት ቀረ?»

«መንገዱን እየለካሁ ነው» አለች እየሳቀች። «ስልክ ድርጅት ገብቼ የመስመር ባለሙያ ሆኛለሁ። ሰፈሩ ከተስማማ ትልቁ የኢንተርኔት መስመር፣ ብሮድባንድ የሚሉት፣ በዚህ ይገባል።»

የአናጢው ፊት ተለወጠ። ነገሩን አስቀድሞ ሰምቶታል። እሑድ የመንገዱ ነዋሪ ተሰብስቦ መስመሩ ይግባ ወይስ ይቅር ብሎ ይወስናል፤ ከግማሽ በላይ ቤት እሺ ካላለ ድርጅቱ አይመጣም። እርሱ እንቢ ለማለት ቆርጧል። ጥቂት የሚናገር ሰው ስለሆነም የተናገረው ይደመጥለታል፤ እርሱ እንቢ ካለ ብዙ ቤት ይከተለዋል። ልጅቷም ይህን አታጣውም።

«በሩን ከታች ያዥልኝ» አላት። «የፀጉር አስተካካዩ ነው። እየገጠምኩ የምትይውን እሰማለሁ። መልሴን ግን ካሁኑ እወቂው።»

የፀጉር አስተካካዩ ክፍል ሁለት ወንበርና አንድ መስታወት ገብተውባት የሞላች ናት። ባለቤቱ ደንበኛ አጥቶ በአንደኛው ወንበር ላይ ይሽከረከር ነበር። በሩን ተሸክመው ሲደርሱ ብድግ አለ።

«ሙሽራውን አጅባችሁ መጣችሁ!» አለ።

አናጢው ማጠፊያዎቹን ከኪሱ አወጣ። ልጅቷ በሩን በትከሻዋ ደግፋ ቆመች።

«እንግዲህ ተናገሪ።»

«እርስዎ ይቅደሙ፣ አባባ። ለምንድን ነው የማይፈልጉት?»

«ስልክ አለኝ» አለ የደረት ኪሱን እየነካ። «እደውላለሁ፣ ይደወልልኛል። ሰው ከሰው ለመገናኘት ከዚህ በላይ ምን ያሻዋል? የቀረው ትርፍ ነው። ልጆቹን አላየሻቸውም? አንገታቸውን ሰብረው ነው የሚሄዱት። ባለፈው አንዱ ከነስልኩ ቦይ ውስጥ ገባልሽ።»

«ስልኩ ግን ተርፏል» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አንተ ዝም በል! ደግሞስ እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ? ትልቁ ከተማ ሲጠግብ፣ የሚሸጥለት ሲጠፋ ወደ እኛ ዞራችሁ። ከእኛ ኪስ ምን ሊገኝ ነው? ከልጆቻችን አፍ ነጥቀን እንድንሰጣችሁ ነው?»

ይህ ተራ ንግግር አይደለም። ብዙ የተማረ ሰው ሲጠየቅ የሚቆጣበት፣ ካልተቆጣም የሚያድበሰብሰው ጥያቄ ነው። ልጅቷ አልተቆጣችም። በሩን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዛወረችው።

«እውነትዎን ነው» አለች። «ድርጅቱ ለጽድቅ አልመጣም። በትልልቁ ከተማ ስልክ ያልያዘ የለም፤ ሁለት የያዘም ሞልቷል። እዚያ ገበያው ቆሟል። ከእንግዲህ የሚያድገው እንዲህ እንደኛ ባለው ሰፈር ነው። እንዲያም ሆኖ አለቆቼ ይሄን መንገድ ሰርዘውት ነበር። ‹ነዋሪው ድሃ ነው፣ አያዋጣም› ብለው።»

«ታዲያ ማን አስመለሰው?»

«እኔ ተከራከርኩ። ድሃ አይገዛም ያለው ማነው አልኳቸው። ድሃ ዘይት ይገዛል፤ በጀሪካን ሳይሆን በትንሽ ጠርሙስ። ሳሙናም ይገዛል፤ ግማሹን አስቆርጦ። ስልኩንም የለመደው እንዲሁ ነው፤ ለዛሬ የሚበቃውን እየሞላ። መስመሩን በአቅሙ ልክ ብትቆርጡለት፣ አንዱን ለአራት ቤት ብታካፍሉት ይገዛል፤ ሥራው ሲቃናም ይጨምራል። እናንተ የምታዩት ድህነቱን ነው፤ እኔ ግን እዚያ ስላደግሁ የሰዉን ትጋት አውቃለሁ አልኳቸው።»

«ጥሩ ነጋዴ ወጥቶሻል» አለ አናጢው። ማመስገኑ አልነበረም።

«ነጋዴ ይበሉኝ፣ አባባ፤ ግን ይስሙኝ። ቁም ሣጥን ሠርተው ሲያበቁ በገዢው በር አልገባ ብሎዎት አያውቅም?»

«ስንቴ!» አለ ሳያስበው። «አፍርሼ አስገብቼ እንደገና እገጥመዋለሁ።»

«አሁን ያለን መስመርም እንዲሁ ነው። ድምፅ ያሳልፋል፤ ሌላው ነገር ፈርሶ ካልሆነ አይገባም። ሐኪም ቁስሉን ሳያይ በወሬ ብቻ ይመክራል። ተማሪ ትምህርቱን ከፍቶ ግማሹ ላይ ይቆምበታል። እርስዎም ሌላ ከተማ ላለ ገዢ የሠሩትን ዕቃ በአፍዎ ነው የሚስሉለት። መስመሩ ሲሰፋ ግን ነገሩ እንዳለ ይገባል።»

«ይግባ አይግባ የራሱ ጉዳይ። ከሰው ለመነጋገር ድምፅ ይበቃል።»

ልጅቷ ፀጉር አስተካካዩን አየችው። እርሱም ዓይኑን ወደ መስታወቱ መለሰ። ሁለቱም ያሰቡት አንድ ሰው ነበር።

«አባባ» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ልጅዎ እንዴት ነው?»

የአናጢው አንድያ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም፤ አይናገርምም። እናቱ በሕይወት ሳለች ሦስቱ በእጅ የሚያወሩበት የራሳቸው ቋንቋ አበጅተው ነበር፤ በየትኛውም ትምህርት ቤት የማይሰጥ፣ ከሥራ ቤቱ የተወለደ ቋንቋ ነው። መዳፍን በተላገ እንጨት ላይ እንደሚያሳልፉ ማሳለፍ «ደህና» ማለት ነው። መላጊያ እንደሚገፉ መግፋት «ነገ» ነው። ሁለት ጣት ግንባር ላይ ማሳረፍ «እናት» ነው። እናቲቱ ስትሞት የቋንቋው ተናጋሪዎች ሁለት ብቻ ቀሩ። ልጁም አድጎ በሩቅ ከተማ የእንጨት ሥራ ድርጅት ተቀጠረ። ከዚያ ወዲህ አናጢው በእጁ የሚያወራው ሰው የለውም።

«ደህና ነው» አለ። «እሑድ እሑድ ለአለቃው እደውላለሁ። ‹ደህና ነው፣ ብርቱ ሠራተኛ ነው› ይለኛል። ልጁም መልእክት ይልካል። ‹አባዬ ደህና ነኝ› ይላል።»

«ሌላስ ምን ይላል?»

«ሌላ ምን ይበል? ትምህርት የጀመረው ዘግይቶ ነው፤ መጻፍ ይከብደዋል። እኔም ከዚያ በላይ ቢጽፍልኝ ሳነበው ይመሻል።»

«ካዩትስ ቆዩ?»

«ዝናቡ ሳይገባ መጥቶ ነበር» አለና ብሎኑን ወደ ማጥበቁ ተመለሰ።

«እንግዲያው ድምፅ ይበቃል ያሉት ለማን ነው?» አለች። «ልጅዎ የሚናገረው በእጁ ነው። እጅ ደግሞ በኪስዎ ባለው ስልክ አያልፍም። ደህና ነው ሲሉዎት የከረሙት ሌሎች ናቸው እንጂ እርሱ አይደለም።»

አናጢው ካቻቢቴውን አወረደ። «ስለ ልጄ የምታስተምሪኝ አንቺ ነሽ?»

«አብሬው ነው ያደግሁት፣ አባባ። ‹ነይ› ማለትን አስተምሮኛል፣ ‹እንብላ› ማለትን አስተምሮኛል። ስድብም አስተምሮኛል፤ እርሱን እዚህ አላሳይዎትም። ስልኩ ምስል ያሳያል?»

«የእርሱ ያሳያል። የማያሳየው የኔ ነው።»

«በሉ በኔ ስልክ እንጥራው። እዚህ ውስጥ ምስሉ ይቆራረጣል፤ ወደ ዋናው መንገድ እንውጣ። አይተው ሲያበቁ እንቢ ካሉ ጎማዬን ይዤ እመለሳለሁ።»

«ሂድ እንጂ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ በሩን እየተቀበለ። «ምን ታጣለህ? ፀጉር እንደሆነ የለህም።»

ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከመድኃኒት ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሙ። ልጅቷ ለልጁ መልእክት ጻፈችለት። መልሱ ቶሎ አልመጣም። ሲመጣም «ዛሬ አይመችም» የሚል ነበር።

«አባትህ ነው በይው» አለ አናጢው። «ፊትህን ብቻ ልይ ይላል በይው።»

ከዚያ ፊቱ መጣ። ከስቷል። አናጢው ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ቀጥሎ ስልኩን ለልጅቷ አስያዘና መዳፉን በአየር ላይ አሳለፈ፤ ደህና ነህ?

ልጁም በግራ እጁ መዳፉን አሳለፈ፤ ደህና ነኝ።

ከአናጢው ዓይን የሚያመልጥ ነገር የለም። ልጁ ሲበላም ሲሠራም ሲያወራም በቀኙ ነበር። ቀኝህ የት ሄደ? አለው። ቆሽሿል፣ ሥራ ላይ ነኝ አለ ልጁ፣ ዓይኑን ወደ ጎን እየመለሰ። አባት የራሱን ቀኝ እጅ ከፍ አድርጎ ዘረጋና ጠበቀ።

ብዙ ቆይቶ ልጁ ቀኝ እጁን አነሳ። በፋሻ ተጠቅልሏል። ሌባ ጣቱና መሐል ጣቱ ከሥራቸው የሉም።

አናጢው ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ልጁ በግራ እጁ፣ እየተንተባተበ ነገረው። መቁረጫው ማሽን ነው። እንዳትነግረው ብዬ አለቃዬን ለምኜዋለሁ። ደህና ነኝ ብሎ ለመጻፍ አንድ ጣት ይበቃል። ከዚያ በታሸገው እጁ ሊናገር ሞከረ፤ ቃሎቹ ግን ተቆራረጡ፣ የትኛውም ቃል ቃል ሆኖ አልወጣም። እጁን አወረደ። በግራው እንዲህ አለ፤ ከእንግዲህ አንተም አትሰማኝም።

ልጅቷ ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች። እነዚህ ሁለት ሰዎች አንዱ ለሌላው የቀረው የመጨረሻ ሰሚ እንደሆነ ታውቃለች።

አናጢው ቀኝ እጁን አየ። ከዚያ ሌባ ጣቱንና መሐል ጣቱን አጠፈ። በቀሩት ጣቶች «ነገ» አለ። በቀሩት ጣቶች «ደህና» አለ። «እናት» የሚለው አስቸገረው፤ ሁለቱ ጣቶች ነበሩና የሚሠሩት። አሰበና አውራ ጣቱንና ትንሿን ጣት ግንባሩ ላይ አሳረፈ። ገባህ? አለው።

ልጁ አፈጠጠ። ከዚያ የታሸገውን እጅ ቀስ ብሎ ወደ ግንባሩ አመጣ።

አላፊ አግዳሚው አንድ ሽማግሌ መድኃኒት ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጦ ድምፅ ሳያሰማ እጁን ሲያወናጭፍ እያየ አለፈ።

ምስሉ ከጠፋ በኋላ አናጢው ከተቀመጠበት አልተነሳም።

«አለቃው ደህና ነው ሲለኝ አመሰግነው ነበር» አለ። «እሑድ እሑድ አመሰግነው ነበር።»

ልጅቷ ከጎኑ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ይሄ ምስል ቤቴ ድረስ ይመጣል?»

«ቤትዎ ድረስ፣ አባባ። ሳይቆራረጥ።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አናጢው አውቶቡስ ተሳፈረ። ሐኪም ቤት ከልጁ ጋር ገባ፣ ፋሻው ሲፈታ አየ፣ አለቃውንም ፊት ለፊት አነጋገረው። ልጁ ሕክምናው ስላላለቀ መመለስ አልቻለም፤ ሲያልቅም ሥራውን መተው አልፈለገም። ከመቁረጫው ወጥቶ ወደ ቀለም ቅቡ እንዲዛወር ተስማሙ። አናጢው ለእሑዱ ስብሰባ ብቻውን ተመለሰ።

ስብሰባው ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር፤ ትልልቆቹ ሰዎች በልጆች አግዳሚ ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ደርሶ ተቀምጠዋል። አናጢው ሲነሳ ሁሉም ወደ እርሱ ዞረ።

«እንቢ ልላችሁ ነበር» አለ። «ምክንያቴን ታውቁታላችሁ። ድርጅቱ የሚመጣው ለገንዘቡ ነው። ይምጣ። እኔም በር የምሠራው ለገንዘቤ ነው፤ በሩ ግን ይከፈታል። ልጄ ጣቶቹን ሲቆረጥ እኔ አላወቅሁም። ያላወቅሁት ሩቅ ስለሆነ አይደለም፤ የያዝኩት መስመር እርሱን ስለማያሳልፍ ነው። እናንተም አስቡት። አጣቢዋ የእግሯን ቁስል ለሐኪም ለማሳየት ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ትውላለች። ጫማ ሠሪው የሚሠራውን የሚያየው በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ብቻ ነው። ልጆቻችን ከአስተማሪያቸው ሌላ የሚጠይቁት የላቸውም። መስመሩ ሲገባ ይሄ ሁሉ ይቀላል። ልጆች ይባክኑበታል ላላችሁኝ፣ ካልያዝናቸው ይባክናሉ። እርሱ የመስመሩ ሳይሆን የእኛ ሥራ ነው። የቆፈሩትን መንገድ መልሰው ካልደፈኑ ደግሞ እኔው ራሴ እሟገታቸዋለሁ።»

«ለአራት ቤት ይካፈላል የሚሉት እውነት ነው?» አለች አጣቢዋ ከኋላ።

«እውነት ነው፣ እማማ» አለች የልብስ ሰፊዋ ልጅ።

«እንግዲያው አንዱ ሩብ የኔ ነው። ሦስታችሁ ፈጠን በሉ!»

ሳቁ ሳያባራ እጆች ወጡ። ከግማሽ በላይ መሆናቸውን ለማወቅ መቁጠር እንኳ አላስፈለገም።

ቁፋሮው ተጀመረ፤ ሲያበቃም ተደፈነ። መስመሩ ከገባ በኋላ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ፀጉር አስተካካዩ ወደ አናጢው ቤት መጣ። አንኳኳ፤ መልስ የለም። ጆሮውን አስጠጋ፤ ቤቱ ጭር ብሏል። ደንግጦ በሩን ገፋው።

አናጢው ከጠረጴዛው ፊት ተቀምጧል። ከፊቱ ባለው፣ ከመስመሩ ጋር በገዛው መስታወት መሳይ ስክሪን ውስጥ ልጁ አለ። የሁለቱም እጆች ይፈጥናሉ፣ ይቆማሉ፣ አንዱ የሌላውን ያርማል፣ እንደገና ይፈጥናሉ። ልጁ በሆነ ነገር ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቅ ነበር።

«ምነው ሰውዬ፣ ስንት ሰዓት ሙሉ ሳንኳኳ…»

«ቆይ» አለ አናጢው ዞር ሳይል፤ «እያወራሁ ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ተራውን ጠበቀ።